የሰሜን ሸዋ የሩጫ መዝገብ ከማዳበሪያ ከረጢት ይውጣልን

የስፖርት ማህደር ክፍላችን እንዲለቀቅ ለወሰናችሁ የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣
እንዲሁም ጉዳዩ ይመለከተናል ለምትሉ የሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች በሙሉ፣

ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለችው የስፖርት ማህደር ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ ባዶ ተደረገች። ክፍሏ ለሌላ ሥራ ትፈለጋለች ተባለ። ከሃያ ዓመት በላይ የተሰበሰበው የውጤት ዝርዝር፣ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ፎቶግራፍ፣ ካሴት፣ የደረት ቁጥርና የአሰልጣኞች ማስታወሻ በ31 የማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በጋሪ ወደ መጋዘን ሄደ። ከረጢቶቹን የቆጠርነው እኛ ነን፤ ሌላ የቆጠረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅን፣ ሁለት ጊዜ በአካል ቀረብን፤ መልስ አላገኘንም። በአደባባይ የምንጽፈው ለዚህ ነው። የማንንም ሰው ሆነ የማንንም መሥሪያ ቤት ስም አናነሳም። የምንፈልገው ወረቀቱን ነው እንጂ ሰው ማሳጣት አይደለም።

ክፍሏን ላላያችኋት ትንሽ እንንገራችሁ። አራት ሜትር በአምስት ሜትር ብትሆን ነው። የጀመርናት ሁለት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ነበርን። አንዳችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አርፈዋል። ከእጃቸው የሩጫ ሰዓት፣ ከኪሳቸው ባለመስመር ደብተር የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከጣርማበር፣ ከአንጎለላና ጠራ፣ ከሞረትና ጅሩ የሚመጡ ተማሪዎች የሮጡትን እያንዳንዱን ውድድር፣ የመጨረሻው ልጅ እስኪገባ ቆመው ይመዘግቡ ነበር። ሌላው ሰው ሦስተኛ የወጣው ሲገባ ፊቱን ያዞራል። እሳቸው ሠላሳ አራተኛ የወጣውንም ስሙን ከነአባቱ፣ ትምህርት ቤቱን፣ በባዶ እግሩ ይሁን በጫማ መሮጡን ይጽፋሉ። የማህደሩ መሠረት እነዚያ ደብተሮች ነበሩ። በኋላ ሰው ሲሰማ የየራሱን ያመጣ ጀመር፦ አንዱ የአባቱን የምስክር ወረቀት፣ ሌላው የሬዲዮ ስርጭት የቀዳበትን ካሴት፣ አንዲት የቀድሞ ሯጭ ደግሞ ተረከዙ ያለቀ የሩጫ ጫማዋን። የአገር ሽማግሌዎች ስለ ገና ጨዋታ ያወሩባቸው ካሴቶችም ነበሩ። ሩሯ ከየትኛው ሜዳ ተነስታ የትኛው ሰፈር ድረስ እንደምትሄድ፣ አንድ ጎረምሳ በአንድ ቀን ስንት ኮረብታ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ። ከተናገሩት ውስጥ ዛሬ በሕይወት ያሉ ጥቂት ናቸው። ደብዳቤውን የምንጽፈው ገና ሊገባ ሲል ነውና ነገሩ ይበልጥ ያንገበግበናል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ርክክብ አለመደረጉ ነው። ሥራውን የሠሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ በእነሱ አንፈርድም፣ ያፈሱት የታዘዙትን ነው። ሆኖም ከመደርደሪያው ላይ እሽጉ ሲወርድ ሲባጎው እየተፈታ፣ የ1970ዎቹ ከ1990ዎቹ ጋር እየተቀላቀለ፣ በአካፋ እንደሚዛቅ እህል ነው የገባው። ጉዳቱ ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ አንድ ነገር እናስረዳ። ብዙዎቹ የውጤት ወረቀቶች ዓመት አልተጻፈባቸውም። የ1978 ዓ.ም. መሆናቸው የሚታወቀው በ1978 እሽግ ውስጥ ስለነበሩ ብቻ ነው። ከእሽጉ የወጣ ወረቀት የስምና የሰዓት ዝርዝር ሆኖ ይቀራል፤ የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ የሚነግር የለም። በመዛግብት ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይህንን ነው፦ ሰነድ የመጣበት ቅደም ተከተል አይነካም።

እኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለብን፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር። ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈበትን ቀን የውጭ መጻሕፍት ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ይሉታል። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከውጭው ዓመት ላይ ሰባት ቀንሶ የሚጽፍ ሰው በአንድ ሌሊት ምክንያት ዓመቱን ያዛባዋል። ይህን ዓይነት ስህተት በየጋዜጣው ስላየን፣ በማህደሩ ባሕር መዝገብ ላይ እያንዳንዱ ሰነድ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲመዘገብ አድርገን ነበር። ሥራው አራት ክረምት ፈጅቶብናል። ዛሬ ባሕር መዝገቡ ከ31ዱ ከረጢቶች በየትኛው ውስጥ እንዳለ አናውቅም።

ሁለተኛው ቅሬታችን፣ ከሁሉም የከበደን፣ የተሰጠን ምክንያት ነው። «ዛሬ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ያደርግላችኋል?» ተባልን። ንግግሩ በቅንነት የተነገረ ይሆናል። እኛም በቅንነት እንመልሳለን።

እውነት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ብዙ አለ። የሮም ማራቶን ከካምፒዶሊዮ ተነስቶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር እንዳለቀ፣ አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ እንደገባ፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ እንደወጣ በስልካችሁ ታገኙታላችሁ። ግን ማን አስቀመጠው? ፒየር ደ ኩቤርታን የኦሎምፒክ ኮሚቴውን መቀመጫ ከነመዛግብቱ ሎዛን ላይ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፤ አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ። ዛሬ እዚያው ሎዛን ውስጥ ራሱን የቻለ የኦሎምፒክ ጥናት ማዕከል አለ፤ ተመራማሪ እየሄደ የሚያነብበት። ሎስ አንጀለስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ያዘጋጀችው ኦሎምፒክ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትርፍ አስገኘላት። ከዚያ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ በደቡብ ካሊፎርኒያ ለወጣቶች ስፖርት እንዲውል ተመደበ፤ ዛሬ ኤል ኤ 84 የሚባለው ፋውንዴሽን የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው። ሰዎቹ ሜዳ በመሥራት ብቻ አላበቁም። የስፖርት ምርምር ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ አዘጋጅ ከተሞች ከየኦሎምፒኩ በኋላ ያሳተሟቸውን ይፋ ሪፖርቶች ሰብስበው፣ ገጽ በገጽ ስካን አድርገው ለማንም በነጻ ለቀቁ። ኢንተርኔት ላይ አለ የምትሉት ወረቀቱን ያልጣሉ ሰዎች ያስቀመጡት ነው።

ሎዛንም ሆነ ሎስ አንጀለስ ያለው መዝገብ አበበን የሚያውቀው ከመነሻው መስመር ጀምሮ ነው። መንዲዳ አጠገብ ጃቶ ተወልዶ በልጅነቱ ገና ሲጫወት ያደገበት ሜዳ በየትኛውም ከተማ ይፋ ሪፖርት ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ያንን መያዝ የእኛ ድርሻ ነበር። የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው ይባላል። በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የ1932ቱ ኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው ሁልጊዜ ፀጥ ይላሉ።

ይፋ ሪፖርት የማይዘው ሌላም አለ፦ ያልሄደውን ሰው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል፣ በ1984 ሎስ አንጀለስ፣ በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ላይ አልተሳተፈችም። ምክንያቱ የታወቀ ስለሆነ አንገባበትም። ግን እነዚያን ዓመታት ሙሉ የለፉ፣ የተመረጡ፣ ሻንጣቸውን ያዘጋጁ ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ዛሬ ደብረ ሲና አጠገብ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው ታሟል። ባለፈው ዓመት ለቀድሞ ስፖርተኞች የሚሰጥ የሕክምና ድጋፍ ለማግኘት «በብሔራዊ ደረጃ መሮጥዎን የሚያሳይ ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። ማስረጃው እኛ ጋ ነበር፤ ስማቸው በአራተኛ ደረጃ የተጻፈበት የማጣሪያ ውጤትና የዚያን ሳምንት የጋዜጣ ቁራጭ። ለሰኔ ቀጥረናቸው ነበር። ሲመጡ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከሎስ አንጀለሱ ቤተ መጻሕፍት ይፈልጉ እንበላቸው? እዚያ ስማቸው የሚገኘው ቢሄዱ ኖሮ ነበር። ሰውዬው አልተቆጡም፤ «ይሁን ልጄ» ብለው በትራቸውን ይዘው ተመለሱ። እስካሁን ድጋፉን አላገኙም።

በነሐሴ ደግሞ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ከአንጎለላና ጠራ ስለወጡ ሴት ሯጮች ነበር። የጫጫዋን ጌጤ ዋሚን ለማጥናት የእኛ እርዳታ ብዙም አላስፈለጋትም። በሲድኒ 2000 ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በ5 ሺህ ሜትር ነሐስ፣ ከዚያ በፊት በአትላንታ 1996 ነሐስ፣ በሴቪል 1999 የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ወርቅ ማግኘቷን፣ በርሊን ማራቶንን በ2006 እና በ2007 ማሸነፏን ሁሉ ከውጭ አግኝታዋለች፤ ሰዓቱን ከነክፍልፋዩ። የተማሪዋ ጥያቄ ሌላ ነበር። ከጌጤ በኋላ በዚያው መንገድ ላይ የሮጡት ልጃገረዶች እነማን ነበሩ? ስንቶቹ በስንት ዓመታቸው ሩጫ አቆሙ? ለምን? መልሱ በሟቹ መምህር ደብተሮች ውስጥ ነበር። ከአንዳንዱ ስም ጎን በትንሽ ጽሑፍ «ተዳረች»፣ «ወደ አዲስ አበባ ሄደች»፣ «እናቷ ታመሙ» የሚል አለ። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌላ ቦታ ያለ አይመስለንም። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ተመላለሰች፤ በመጨረሻ ርዕሷን ቀየረች።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጃችን ይከብዳል። ከመሐል ሜዳ በላይ ከሚገኝ ቀበሌ የሚመጡ አንዲት እናት በአገር አቋራጭ ይሮጥ የነበረ ልጃቸው ሞቶባቸዋል። የቀረቻቸው አንዲት ፎቶግራፍ ናት፤ የደረት ቁጥሩን እንደለጠፈ ጭቃ ለብሶ ሲስቅ። ኮፒ አድርገን እንድንመልስላቸው በአደራ ሰጡን፤ እኛም ፈርመን ተቀበልን። ኮፒው ሳይሠራ ክፍሏ ተለቀቀች። በኅዳር ለገበያ ሲወርዱ መጡና ጠየቁን። ያለችበትን አናውቅም ማለት አቃተን፤ «እየተፈለገ ነው እማማ» አልን። ይህ ደብዳቤ ያንን ቃል እውነት ለማድረግም ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መጋዘኑን እንድናይ ተፈቅዶልን ነበር። ለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል። ስድስት ከረጢቶች በሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀምጠው ሥራቸው ረጥቧል። አንዱን ነክተን ስናየው የሻጋታ ሽታ አለው። የረጠበ ፎቶግራፍ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ሥዕሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ተገንጥሎ ይሄዳል። የጋዜጣ ወረቀት በደህናውም ጊዜ ቢጫ ሆኖ የሚፈረፈር ነው። የካሴት ክር ሻጋታ ከያዘው ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ይበጠሳል። የእኛ ደጋ ብርድ ለወረቀት ክፉ አልነበረም፤ እርጥበቱ ነው የሚገድለው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልግም አላት፤ የካቲት ሩቅ አይደለም።

ስለ ንብረት ምዝገባው አጠር አድርገን እንለፍ። ዕቃዎቹ ሲገቡ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ስላልተቆረጠላቸው በመንግሥት ንብረትነት አይታወቁም፣ ስለዚህ ማንም አይጠየቅባቸውም ተብለናል። ሲገቡ የተቀበለን ስለሌለ አልተቆረጠም። ንብረት ካልሆኑ ደግሞ በምን ሥልጣን ተወሰዱ? የሕዝብ ከሆኑ ይመዝገቡ፤ የግል ከሆኑ ለባለቤቶቹ ይመለሱ። ሁለቱም ባልሆነበት ሁኔታ መጋዘን ውስጥ ሊበሰብሱ አይገባም።

በጀት የለም የሚለውንም ሰምተናል። የሎስ አንጀለስን ገንዘብ ያነሳነው ያንን ስጡን ለማለት አይደለም። ማህደሩ እስከ ሰኔ ድረስ ከመንግሥት ካዝና ደመወዝ አልጠየቀም። መደርደሪያውን አናጺ የሆነ የቀድሞ ሯጭ ሠራልን፣ ካርቶኑን ነጋዴዎች ሰጡን፣ አቧራውን የጠረግነው በየተራችን ነው። ከእናንተ የነበረን አንዲት ክፍልና አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ለማን ይጠቅማል ለሚል አንድ ነገር እንጨምር። አበበ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1969 ከሸኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መኪናው ተገልብጣ ሽባ ሆነ፤ ብዙዎቻችን በየሳምንቱ በምንመላለስበት መንገድ ላይ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተላከ። በማግሥቱ ዓመትም በዊልቸር ተቀምጦ በዚያው ሆስፒታል ስም በሚጠራው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። ይህን የሚተርክ የመጽሔት ገጽ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ነበር። በዊልቸር የሚሄድ አንድ የከተማችን ወጣት በየሳምንቱ እየመጣ ያነበው ነበር። የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ የት እንደሚገኝ የጠየቀን ያኔ ነው። አሁን ሲያገኘን የሚጠይቀን ክፍሏ መቼ እንደምትከፈት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከሁሉ በፊት፣ በልግ ሳይገባ፣ 31ዱም ከረጢቶች ከወለል ተነስተው ወደማያፈስ ቤት ይግቡ። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልገውም፤ ጉልበቱንና ጋሪውን እኛ እናመጣለን። ከረጢቶቹ ሲከፈቱ የማህደሩ ጠባቂዎች ባሉበት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ አንድ በአንድ ይሁን። እስከዚያ ድረስ ማንም ለማስተካከል ብሎ እንዳይነካቸው፤ የረጠቡ ፎቶግራፎችም በኃይል እንዳይላቀቁ። በአደራ የተሰጡ ዕቃዎች ቀድመው ይፈለጉና በፈረምንባቸው ደረሰኞች መሠረት ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ፤ ከእነዚህም የመሐል ሜዳዋ እናት ፎቶግራፍ ትቅደም። የደብረ ሲናው አባት የማጣሪያ ውጤት እንደተገኘ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ ይሰጣቸው።

ከዚያም ማህደሩ ቋሚ ቦታ ይሰጠው። የቀድሞዋ ክፍል የማትመለስ ከሆነ ከቤተ መጻሕፍቱ ንባብ አዳራሽ አንድ ማዕዘን ይበቃናል፤ ደረቅ ይሁን፣ የሚቆለፍ ይሁን። ንብረቱ በሕግ አግባብ ገቢ ሆኖ ይመዝገብ። ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን ከምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት አንድ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን እንዲያይና እንዲያሠለጥነን በእናንተ በኩል ደብዳቤ ይጻፍልን፤ እኛ ብንጽፍ ማኅተም የለንም። ደብተሮቹንና ካሴቶቹን በስካነርና በኮምፒውተር ለመገልበጥ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች አሉን፤ የምንፈልገው ፈቃድና የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። መልሱ እስኪመጣ ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንገኛለን፤ የደረሰኞቹ ቀሪ ቅጂ በእጃችን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና የማህደሩ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ፣
በቀድሞ ሯጮች፣ በአሰልጣኞች፣ በተማሪዎችና ዕቃቸውን በአደራ በሰጡ ቤተሰቦች ስም

ሰሜን ሸዋ፣ ታኅሣሥ